የጀርመን ድራይ ቀይ ወይን፦ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴት ይቀርባል፣ ከምን ጋር ይበላል

ጀርመን አገር የተሠራ ቀይ ወይን ከፍታችሁ ስትቀዱት በጣም ስስ ሆኖ ታይቷችሁ "ውሃ ጨምረውበት ነው እንዴ?" ካላችሁ፣ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ሌላ ነው። ወይ ጠርሙሱ ሲገዛ ወረቀቱ በደንብ አልተነበበም፣ ወይ ወይኑ ሞቆ ነው የቀረበው፣ ወይ ደግሞ አብሮት የመጣው ምግብ አይስማማውም። ሦስቱም በቀላሉ ይስተካከላሉ። በቅደም ተከተል እንየው።

ድራይ ማለት የማይጣፍጥ፣ ስኳሩ ከሞላ ጎደል ፈልቶ ያለቀ ወይን ነው። በዋናነት የማወራው ስለ ሽፔትቡርጉንደር ነው። ፈረንሳዮች ፒኖ ኑዋር የሚሉት ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ ከቀይ ወይኖች ሁሉ በብዛት የሚተከለው እሱ ነው። ከፈረንሳይና ከአሜሪካ ቀጥሎ በዓለም ላይ ብዙ ፒኖ ኑዋር ያለው ጀርመን ነው ሲባል የማያምን ሰው ብዙ ነው፣ ግን እውነት ነው።

1. መጀመሪያ የወይኑን ዓይነት ምረጡ

መደርደሪያው ፊት ስትቆሙ አራት ስም ብታውቁ ይበቃችኋል።

ሽፔትቡርጉንደር ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው። ብርጭቆውን ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ላይ አጋድላችሁ ብታዩ በወይኑ ውስጥ ፊደሎቹ ይታያሉ። ጉድለት እንዳይመስላችሁ፤ የፍሬው ቆዳ ስስ ስለሆነ ነው፣ ቀለሙም ታኒኑም (አፍ የሚያደርቀው ነገር) ያለው ቆዳው ላይ ነውና። ሽታው ወደ ቼሪና እንጆሪ ያደላል፣ ሲቆይ ደግሞ ዝናብ የነካው የጫካ አፈር ይሸታል። ድድ አያደርቅም። ኮምጠጥ ማለቱ ግን ደህና አድርጎ ይሰማል፣ ለምግብ የሚመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከየት ይምጣ? ብዙው የሚመረተው በደቡብ ምዕራቡ ጥግ፣ በባደን ነው። እዚያ ካይዘርሽቱል የሚባል ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ ኮረብታ አለ። አገሩ ሞቃት ስለሆነ ወይኑም ሞላ ያለ ነው። ራይንጋው ውስጥ ደግሞ አስማንስሃውዘን የምትባል መንደር አለች፤ ዙሪያዋ ያለው ሁሉ ሪስሊንግ በሚባለው ነጭ ወይን ሲታወቅ እሷ ግን ስሟ የሚጠራው በቀይ ነው። ከዚያም ወደ ሰሜን ወጣ ሲባል የአር ሸለቆ ይመጣል። ትንሽ ናት፣ የወይን እርሻዋ 600 ሄክታር አይሞላም፣ ግን ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ቀይ ነው። እንዲህ ሰሜን ላይ ቀይ ወይን የሚበስለው ሸለቆው ጠባብና ከነፋስ የተከለለ ስለሆነ፣ ተዳፋቱ ላይ ያለው ጥቁር ንብርብር ድንጋይም ቀን የዋጠውን ሙቀት ማታ ስለሚመልስ ነው። በፈረንጆቹ ጁላይ 2021 የመጣው ጎርፍ ሸለቆዋን ጠራርጎ ሄዷል፤ ከ130 በላይ ሰው ሞቷል። ከጎርፉ የተረፉትን ጠርሙሶች ጭቃቸውን ሳይጠርጉ "የጎርፍ ወይን" ብለው ሸጠው ለመልሶ ማቋቋሚያ በሚሊዮን የሚቆጠር ዩሮ ሰብስበዋል። ዛሬም ከዚያ የመጣ ጠርሙስ ካገኛችሁ ግዙ እላለሁ፤ ለበጎ አድራጎት ብዬ አይደለም፣ ወይኑ ጥሩ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ሌምበርገር ነው። ከሽቱትጋርት ዙሪያ፣ ከቩርተምበርግ ይመጣል። ጠቆር ያለ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚል ነው። "እኔ ቀይ ወይን ከጠጣሁ ወፈር ያለ ነው የምፈልገው" የሚል እንግዳ ካላችሁ ለሱ ይሄ ነው።

ትሮሊንገር የዚያው የቩርተምበርግ ልጅ ነው፤ በጣም ቀላል፣ ሮዝ ሊባል ምንም ያልቀረው። የአገሩ ሰዎች እጀታ ባለው ሩብ ሊትር ብርጭቆ ነው የሚጠጡት። ውጭ አገር ብዙም አይላክም፣ ራሳቸው ይጨርሱታል።

ዶርንፌልደር ደግሞ ጥቁር የሚመስል ወይን ነው። በ1955 ቫይንስበርግ በሚገኘው የወይን ምርምር ተቋም ተዳቅሎ የተገኘ ነው፤ መጀመሪያ የተፈለገው የሌሎቹን ፈዛዛ ቀይ ወይኖች ቀለም ለማድመቅ ነበር። ርካሽ ነው። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንዱ ጠርሙስ ድራይ፣ አጠገቡ ያለው ጣፋጭ ሊሆን ይችላል። ወደ ወረቀቱ የምንሄደውም ለዚህ ነው።

2. ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ

የምትፈልጉት ቃል ትሮከን ነው። በፈረንጅ ፊደል በቲ የሚጀምር፣ ሰባት ፊደል ያለው። ይሄ ቃል ካለ ወይኑ ድራይ ነው፤ በሕጉ መሠረት የሚቀረው ስኳር በሊትር ከ9 ግራም አይበልጥም፣ 9 የሚደርሰውም ኮምጣጣነቱ ስኳሩን የሚያመዛዝን ሲሆን ነው። አለበለዚያ ጣሪያው 4 ግራም ነው።

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው፦ ሃልብትሮከን የሚል ሌላ ጽሑፍ አለ። ውስጡ ትሮከን ስላለ በችኮላ የሚያይ ሰው ይሸወዳል። ያ ግማሽ ድራይ ነው፣ ስኳሩ በሊትር እስከ 18 ግራም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከትሮከን ፊት የተለጠፈ ነገር አለመኖሩን እዩ። ፋይንሄርብ የሚልም ታገኛላችሁ፤ እሱም ትንሽ ጣፈጥ ያለ ነው። ሊብሊሽ ካለማ በግልጽ ጣፋጭ ነው፣ ከአክሱማይት ጋር ያደገ ምላስ ይወደው ይሆናል፣ ለዛሬው ጉዳያችን ግን አይሆንም።

ምንም ካልጻፈስ? አልኮሉን እዩ። 12 ወይም 13 በመቶ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ስኳሩ ፈልቶ አልቋል ማለት ነው። 9 ወይም 10 ከሆነ ግን ስኳሩ ሳይፈላ ቀርቷል፣ መልሳችሁ አስቀምጡት።

ሌላው መታየት ያለበት ጉትስአብፊሉንግ የሚለው ነው። ይሄ ማለት ገበሬው ራሱ ያመረተውን ራሱ ጠምቆ ራሱ አሽጎታል። አፉ ላይ ወይን ያቀፈ የንስር ምልክት ካያችሁ ደግሞ ፋውዴፔ የሚባለው የታወቁ አምራቾች ማኅበር አባል ነው። ከዚያ ማኅበር ጌጌ (GG) የሚል ሁለት የፈረንጅ ፊደል ያለበት ጠርሙስ ምርጥ ከሚባለው ማሳ የመጣ፣ ሁልጊዜም ድራይ የሆነ ነው። ዋጋውም እንደዚያው ይወጣል፣ ለመለማመጃ አይመከርም። እኔን ብትጠይቁኝ ከ10 እስከ 15 ዩሮ ያለው፣ ከአንድ ገበሬ የመጣ ሽፔትቡርጉንደር ነው ጥሩ መጀመሪያ። ከዚያ በታች ያለው አይጠጣም አልልም፣ ግን ብዙዎቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ።

ክዳኑ የሚጠመዘዝ ከሆነ አትናቁት። ጀርመን ውስጥ ብዙ ደህና ወይን በጠመዝማዛ ክዳን ይመጣል።

በመኸር ሰሞን እዚያው ጀርመን ከሆናችሁ ደግሞ ሱቁን ተዉትና ወደ ገበሬው ሂዱ። ገበሬዎቹ በዓመት እስከ 4 ወር ያህል ቤታቸውን ከፍተው የራሳቸውን ወይን መሸጥ ይፈቀድላቸዋል፣ መቀመጫው ከ40 እንዳይበልጥ ሆኖ። መከፈቱን ለማሳወቅ ደጃፋቸው ላይ መጥረጊያ ወይም የአበባ ጉንጉን ይሰቅላሉ፣ ልክ የኛ ጠላ ቤት በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍቶ እንደሚያቆመው። ቀምሳችሁ፣ ጠይቃችሁ፣ ሌላ ቦታ ከምትከፍሉት ባነሰ ገንዘብ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። የሚነዳው ሰው ግን አይጠጣ።

3. አቀዝቅዙት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣውም ይሄው ነው።

"ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቀርባል" የሚባለው ማሞቂያ ባልነበረበት ዘመን የተባለ ነው። ያኔ ክፍሉ ራሱ ቀዝቃዛ ነበር። ዛሬ ሳሎናችን 21 እና 22 ዲግሪ ነው። ሽፔትቡርጉንደር በዚህ ሙቀት ሲቀርብ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ የቼሪው ሽታ ይጠፋል፣ ወይኑም ልፍስፍስ ይላል። የሚመቸው ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ነው። ሌምበርገር 16 ወይም 17 ቢሆን አይከፋውም። ትሮሊንገር ደግሞ 12 ወይም 13 ቢደርስ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ከመደርደሪያ ያነሣችሁትን ጠርሙስ ከ40 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። እንግዳው ደርሶ ደጅ ላይ ከሆነ ባልዲ ውስጥ በረዶና ውሃ ቀላቅላችሁ እስከ አንገቱ ንከሩት፣ በ8 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። በረዶውን ብቻ አታድርጉ፤ ውሃ ከሌለው ጠርሙሱን የሚነካው እዚህም እዚያም ስለሆነ ይዘገያል። ጠርሙሱን ስትይዙት መዳፋችሁ ላይ ቀዝቀዝ ማለት አለበት፣ ጠርሙሱ ግን ማላብ የለበትም። ትንሽ በጣም ቀዘቀዘ ብላችሁ ብትጠራጠሩ አትጨነቁ፣ ብርጭቆ ውስጥ በደቂቃዎች ይሞቃል። የሞቀውን መልሶ ማቀዝቀዝ ነው ጣጣው።

ወይን ውስጥ በረዶ መጨመር? ተዉት።

4. ክፈቱና ቅዱ

ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ካላችሁ ጥሩ። ከሌለ ማንኛውም የወይን ብርጭቆ ይሆናል። ሲሶውን ብቻ ሙሉ። እስከ አፉ መሙላት የኛ የእንግዳ አክብሮት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ሽታው የሚሰበሰብበት ባዶ ቦታ ካልተወለት የከፈላችሁበት ግማሹ ነገር አየር ላይ ይቀራል።

ቀድመው ከፍተው ማስተንፈስ የሚባለው ነገር ለወጣት ሽፔትቡርጉንደር ብዙም አያስፈልግም። በኦክ በርሜል የቆየ ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ ባሪክ ይላል፣ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ክፈቱት።

5. ምግቡን አዛምዱ

አራት ነገር ያዙ። ጨውና ስብ ይህን ወይን ይወዱታል። ኮምጣጣ ምግብም ይችለዋል፣ ራሱም ኮምጠጥ ስለሚል። ጣፋጭ ምግብ ግን ይገድለዋል፤ አፋችሁ ስኳር ይዞ ድራይ ወይን ስትጎነጩ ወይኑ ወዲያው መራራና ጎምዛዛ ይሆናል፣ ስለዚህ ከኬክ ጋር አታቅርቡት። የሚያቃጥል ምግብ ደግሞ አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሰዋል፣ የሚያለዝብ ስኳርም የለውም።

ሽፔትቡርጉንደር ከምንም በላይ የሚወደው እንጉዳይ ነው። በቅቤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በትንሽ ክሬም የተጠበሰ እንጉዳይ፣ ከፓስታ ጋርም ይሁን ከዳቦ ጋር፣ ለአዘቦት ቀን ራት ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም። የአጋዘን ሥጋ፣ ዳክዬ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 11 በቅዱስ ማርቲን ቀን ሰሞን ጀርመኖች የሚበሉት የዝይ ጥብስ፣ ሁሉም የሱ ናቸው፤ የዝይው ስብ አፍ ላይ ሲከብድ ወይኑ ይጠርገዋል። ዶሮ አሮስቶም ይሆናል። ዓሣ እንኳ ይሆናል፦ ታኒን የበዛበት ቀይ ወይን ከቅባታም ዓሣ ጋር አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያመጣል፣ ይሄኛው ግን ታኒኑ ትንሽ ስለሆነ ከተጠበሰ ሳልሞን ጋር ያለ ችግር ይሄዳል።

ሌምበርገር ለቀይ ሽንኩርትና ለበሬ ሥጋ ነው። ቩርተምበርግ ውስጥ የተጠበሰ ሽንኩርት ከላይ ተከምሮበት የሚመጣው ስቴክ ጓደኛው እሱ ነው። ትሮሊንገር ከማውልታሽን ጋር ይሂድ፣ ሊጥ ውስጥ ሥጋና ቆስጣ ተሞልቶ በመረቅ የሚቀርበው ማለት ነው። ደረቅ፣ የቆየ አይብ ከሁሉም ጋር ይስማማል።

6. አንድ ምግብ አብረን እንሥራ፦ ሩላደን

ተጠቅልሎ የሚበስል የበሬ ሥጋ ነው፣ የጀርመን ቤቶች የእሁድ ምሳ። ወይኑ ድስትም ውስጥ ብርጭቆም ውስጥ ስለሚገባ ለመለማመድ ጥሩ ነው። ለ4 ሰው፦

ከበሬ ታፋ በስሱ የተሰነጠቀ 4 ትልልቅ ሥጋ፣ እያንዳንዱ ከ150 እስከ 180 ግራም። ጀርመን ውስጥ ሥጋ ቤት ገብታችሁ ሩላደን ካላችሁ ቆርጠው ይሰጧችኋል፤ ሌላ አገር ከሆናችሁ እንደ ቋንጣ ሳይሆን እንደ ሰፊ አንሶላ አድርጎ እንዲዘለዝለው ንገሩት። ሰናፍጭ፣ 2 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ በኮምጣጤ የተቀመጠ ትንንሽ ኪያር 4፣ አንድ ካሮት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ሩብ ሊትር ድራይ ቀይ ወይን፣ 400 ሚሊ ሊትር የሥጋ መረቅ። ጀርመኖቹ የአሳማ ቤከን ይጨምራሉ። አሳማ የማትበሉ ከሆነ በጭስ የደረቀ የበሬ ሥጋ በስሱ አድርጉ፣ ወይ ተዉት። ትንሽ የጭስ ጣዕም ይጎድለዋል እንጂ ምግቡ አይበላሽም።

ሥጋውን ዘርጉት። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሱ፣ ሰናፍጩን በደንብ ቀቡት። በረጅሙ የተከተፈ ሽንኩርትና ኪያሩን አንዱ ጫፍ ላይ አስቀምጡ፣ ጎኖቹን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ በክር እሠሩት።

ድስቱን በደንብ አግሉ። ዘይት ጨምራችሁ ጥቅሎቹን በየጎናቸው ቡናማ እስኪሆኑ ጥበሱና አውጡ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ የወጡ ቀለም የሚመጣው ከዚህ ነው። የቀረውን ሽንኩርትና ካሮቱን በዚያው ድስት አቁላሉ፣ ድልሁን ጨምሩና ቀይነቱ ወደ ቡናማ እስኪሄድ አማስሉት።

አሁን ወይኑ። ሩብ ሊትሩን በአንዴ አትድፉት። ሲሶውን ጨምሩ፣ ሺሽ ብሎ ይነሣል፣ የድስቱን ሥር በእንጨት ማንኪያ ፋቁት፣ ወይኑ ደርቆ ዘይቱ ብቅ እስኪል ጠብቁ። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ወጥ በጥቂት በጥቂት ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ የምታቁላሉ ሰዎች ይሄን እጃችሁ ያውቀዋል። በሦስተኛው ላይ ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ጠቁሮ ያብረቀርቃል፣ የአልኮሉ ሽታ ጠፍቶ የበሰለ ፍሬ ይሸታል።

ሥጋውን መልሱ፣ መረቁን ጨምሩ፣ ክደኑትና በትንሽ እሳት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ይብሰል። ሹካ ያለ ትግል ሲገባ ደርሷል። መረቁን አጥልላችሁ ትንሽ ይምጠጥ፣ ግማሽ ማንኪያ ሰናፍጭ ጨምሩበት።

ድስት ውስጥ የሚገባው ወይን ውድ መሆን የለበትም፣ ግን የግድ ድራይ ይሁን። ጣፋጭ ወይን ሲመጥ ስኳሩ ይከማቻል፣ ወጡ ማርማላታ ማርማላታ ይላል። ደግሞ "እሳት ላይ አልኮሉ ሁሉ ይጠፋል" የሚባለው ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም፣ ከ2 ሰዓት በኋላም ጥቂት ይቀራል። ፈጽሞ አልኮል የማይነካ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ከጎኑ የተቀቀለ ድንችና ቀይ ጥቅል ጎመን ይቀርባል። ጎመኑን ብዙዎች በፖምና በስኳር ያጣፍጡታል፤ ስኳሩን ቀነስ አድርጉት፣ ወይኑን እንዳያጎመዝዘው።

7. ከኛ ምግብ ጋርስ?

ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ የሚኖር ሰው ቤት እንጀራው ቀርቦ ጠረጴዛው ላይ ይሄ ወይን ሲቀመጥ ብርቅ አይደለም። የእንጀራው መኮምጠጥ ችግር አይደለም፣ ወይኑ ይቋቋመዋል። ችግሩ በርበሬው ነው።

ስለዚህ ጥብስ በሮዝመሪና በቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያው ቀነስ ብሎ፦ በጣም ይስማማል። የበግ አልጫ፦ ይስማማል፣ ስቡን ይቆርጠዋል። ክትፎ ለብለብ ሚጥሚጣው ከጎን ከሆነ ሽፔትቡርጉንደር ቀዝቀዝ ተደርጎ ጥሩ ነው። የእንጉዳይ ጥብስማ ከላይ ተናግሬያለሁ።

ዶሮ ወጥ ግን አይሆንም። ቁሌቱ ሽንኩርቱ ጣፈጥ ያለ፣ በርበሬው የሚያቃጥል ነው፣ ድራይ ወይኑ በሁለቱም በኩል ይመታል። እንደምንም ከጀርመን ቀይ ወይን ጋር መሆን አለበት ካላችሁ፣ ቅድም ተጠንቀቁት ያልኳችሁን ሃልብትሮከን ዶርንፌልደር አምጡት፣ ደህና አድርጋችሁም አቀዝቅዙት። ካልሆነ ጠጅ ወይ ቢራ።

8. የተረፈውን

ክዳኑን ገጥማችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት፣ አታጋድሙት። ሽፔትቡርጉንደር 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል፣ ትሮሊንገር ከዚያ ያነሰ። የቀረው ግማሽ ጠርሙስ ከሆነ ወደ ትንሽ ጠርሙስ አዙራችሁ እስከ አፉ ብትሞሉት አየር ስለማያገኘው ይሻለዋል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ መሽተት ሳይጀምር ካልጠጣችሁት ደግሞ በረዶ መሥሪያው ውስጥ አፍሱት። አልኮል ስላለው እንደ ውሃ ድርቅ አይልም፣ ግን ለወጥ አንድ ሁለት እያወጣችሁ መጣል ትችላላችሁ።